የእትዬ የሺ አሮጌ ቃላት

እትዬ የሺ ካረፈች ወር አለፈ። በለቅሶዋ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ደግነቷ፣ ስለ ዝማሬዋ፣ ስለ መኪና አነዳዷ ሳይቀር ተናገረ። ስለ ግሮክ ግን ያነሳ የለም። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማንሳት አፈርኩ። እዚህ የሚያሳፍረኝ ስለሌለ ከግሮክ ልጀምር።

ግሮክ ማለት ሰው ሲበላ አጠገቡ ቆሞ፣ ያጎርሰኝ ይሆን እያሉ ዝም ብሎ ማየት ነው። አሮጌ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ዛሬ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን አሜሪካዊ ብትጠይቁት አያውቀውም። እኔ የሰማሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ኦክላንድ ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ጥሩዬ ከሥራ ገብታ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ በአንድ እጇ ሳህን በሌላው የነርስ ፈተና መጽሐፍ ይዛ ቆማ ትበላለች። የታችኛው ቤት ጎረቤታችን ጋሼ ንጉሤ በሩን ተደግፎ ሳህኗን ያያል። እትዬ የሺ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ ትልቅ መጽሐፏን ዘርግታለች።

"ጥሩዬ፣ አንድ ቃል ልንገርሽ" አለች።

"የሺ በማርያም፣ ዓርብ ፈተና አለብኝ።"

"እኮ ለፈተናው ነው። ግሮክ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአገጯ ጋሼ ንጉሤን አመለከተችኝ። "ዮዲ፣ ያውልሽ። ግሮክ የሚሉት እሱን ነው።"

"ምን አልሽኝ?" አለ ጋሼ ንጉሤ።

"የእንግሊዝ መኳንንት የሚጠሩበት ማዕረግ ነው።"

"እንደሱ ከሆነ ይሁን" ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እናቴ ሳቋ አምልጧት ሳህኗን ወደ እሱ ገፋችለት።

እትዬ የሺ ቃሉ የመጣው ግሮክ ከሚባል የአንድ ንጉሥ ሆዳም ውሻ ነው ብላ ነገረችኝ። ኋላ አድጌ ሳጣራ እንዲህ ያለ ውሻ አልነበረም። ቃሉ የስኮትላንድ ሲሆን ምንጩ በውል አይታወቅም። የእሷ አሠራር እንዲህ ነበር፤ ትርጉሙን ከመጽሐፉ በታማኝነት ታነባለች፣ አመጣጡ ካልጣማት ግን ከራሷ ትጨምራለች።

የክርስትና እናቴ ናት። ሳን ሆዜ እየኖረች ሚልፒታስ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ሥራዋ ከጥፍር የሚያንሱ ነገሮችን በማጉያ እያየች የተበላሸውን መለየት ነው። መጽሐፉን ያገኘችው ሰፈሯ ውስጥ ያርድ ሴል ላይ፣ አንድ ሽማግሌ የሚስታቸውን ዕቃ ሲሸጡ ነው። ሰዎች ምን ያደርግልሻል ሲሏት መልሷ አንድ ነበር። "በአዲሱ እንግሊዝኛ ሁሉም ይቀድመኛል። በአሮጌው ግን ፈረንጁም እኔም እኩል ነን።"

ብዙ ጊዜ የምትመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በዚያ ማክሰኞ ለምን እንደመጣች እኔ አልጠየቅሁም። ልጅ ደስ ያለው ነገር ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። አባቴ ዘነበም በዚያ ሰዓት ኤርፖርት ሰው እያመላለሰ መሆን ሲገባው ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ከስልኩ ገመድ ጋር ይታገላል። ያኔ የቤት ስልካችን ግድግዳ ላይ ነበር።

"አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው ቤት የዋልከው?" አለችው እናቴ።

"ስልኩ ድምፅ ያስተጋባል።"

"ትናንት ደህና ነበር እኮ።"

"ትናንት ትናንት ነው" አለ ከጠረጴዛው ሥር።

እናቴ እሱንም፣ እትዬ የሺንም፣ ሳህኗን የሚጠርገውን ጋሼ ንጉሤንም ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ መጽሐፏን ዘግታ "ሻወር ልውሰድ" ብላ ሄደች። ውሃው ብዙ ሰዓት ፈሰሰ።

እሷ እንደገባች ሦስቱ ኮሪደር ላይ ተሰበሰቡ። እኔ ክፍሌ ውስጥ የቤት ሥራዬ ላይ ተደፍቼ ጆሮዬን አቆምኩ። አማርኛ ከመናገር ይልቅ መስማት ይቀለኝ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለምመልስ የማልሰማ ይመስላቸዋል።

"ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ሳትነሳ" አለች እትዬ የሺ።

"ጥሩነህ ዓርብ ማታ ከሲያትል ይገባል። ንጉሤ ቤት ይደር፤ እሷ እንዳታየው" አለ አባቴ።

"ወንበሩስ?" አለ ጋሼ ንጉሤ።

"ከቤተ ክርስቲያን እናመጣለን" አለች እትዬ የሺ። "ምግቡ እኔ ቤት ይሠራል። ብቻ እስከዚያ እንዳትሰማ። ሰው ደውሎ እንዳይነግራት።"

ጥሩነህ የእናቴ ወንድም ነው። ከሲያትል መጥቶ የሚደበቅ አጎት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ወንበር፣ ሌላ ሰው ቤት የሚሠራ ምግብ፣ ለእናቴ የማይነገር ምሥጢር። ባለፈው ሳምንት የክፍል ጓደኛዬ ለእናቷ ያደረጉትን ነግራኛለች። መብራት አጥፍተው፣ ከሶፋ ኋላ ተደብቀው፣ ስትገባ ብድግ ብለው "ሰርፕራይዝ!" ልቤ ከደስታ ብዛት ሊወጣ ደረሰ።

ልደቷ መቼ ነው የሚለው ነገር አላሳሰበኝም። የእናቴ ልደት በመታወቂያዋ ላይ ጃንዋሪ አንድ ነው። የአባቴም ጃንዋሪ አንድ ነው፣ የእትዬ የሺም፣ የጋሼ ንጉሤም። የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ፎርም የሚሞላው ሰው ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ እንዲያ ይጽፍ ነበር። ስለዚህ እውነተኛው ቀን ማንኛውም ቀን ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ያ ሳምንት ደግሞ ጃንዋሪ ውስጥ ነው።

አባቴ የክፍሌ በር ላይ ደርሶ ሲያየኝ ደነገጠ።

"ዮዲ፣ የሰማሽው ነገር አለ?"

"አይ ኖው ኦል አባውት ኢት" አልኩት በኩራት።

ፊቱ ልውጥ አለ። ቀስ ብሎ መጥቶ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ። "ለማሚ ምንም እንዳትነግሪ። እሺ? እስከ ቅዳሜ።"

"አይ ፕሮሚስ።"

አቀፈኝ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ሲለቀኝ ዓይኑ እርጥብ ነበር። ለፓርቲ እንዲህ የሚያስብ አባት አለኝ ብዬ አሰብኩ። እሱ ደግሞ ወጥቶ ለእትዬ የሺ "ልጅቷ ሰምታለች፤ እንደ ትልቅ ሰው ነው የቻለችው" አላት። ስለዚህም ነው በቀሩት ቀናት ማንም ምንም ያላስረዳኝ።

የእናቴ አባት፣ አባባ ማንደፍሮ፣ በዚያው ማክሰኞ አዲስ አበባ አርፈው ነበር። እኔ የማውቃቸው በስልክ ድምፃቸው ብቻ ነው። መርዶው በወጉ እንዲነገራት፣ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ እንዲሆን ቅዳሜ ተቆረጠ። እስከዚያ ለስንት ጊዜ የደከመችበትን ፈተና ትውጣ ተባለ። የቤቱ ሰው ሥራ እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ የአባቷን ሞት ብቻዋን፣ ስልክ ይዛ፣ እንዳትሰማ።

ረቡዕ እትዬ የሺ ከእኛ ቁርስ በፊት ደረሰች።

"ሥራ የለሽም?" አለቻት እናቴ።

"ዕረፍት ወጣሁ። እንግሊዝኛሽን ላግዝሽ ብዬ።"

"በምን? በግሮክ?"

"ዛሬ ሌላ ነው። ፈጅል። የማይሠራውን ሥራ የሚሠራ መምሰል።" መጽሐፉን ገልጣ በጣቷ አሳየችን። ድሮ አንድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የጻፈው ቃል ነው አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይህ ሰው አማቱ ቤት ሲሄድ አጥር የሚጠግን እየመሰለ ቀኑን ሙሉ ይተኛ ነበርና ቃሉን ያገኘው ከራሱ ነው ብላ ጨመረች። አባቴ በዚያ ሰዓት ጠረጴዛው ሥር ነው። አንዷን ብሎን ይፈታል፣ ያያታል፣ መልሶ ያስራታል።

"ዳዲ ኢዝ ፈጅሊንግ!" ብዬ ጮህኩ።

"አንቺ ልጅ" አለ አባቴ፣ "ሥራ ላይ ነኝ።"

እናቴ ግን ቦርሳዋን እየበረበረች ነው። "ኮሊንግ ካርዴን ያያችሁ አለ? አባዬ ጋ ልደውል። ከፈተና በፊት ይመርቁኝ።"

እናቴ ትልቅ ነገር ከማድረጓ በፊት ለአባቷ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። ካርዱን እኔ አይቼዋለሁ፤ እትዬ የሺ መጽሐፏ ሥር አድርጋ ክርኗን ጭናበታለች። እሺ፣ ከእሳቸው ጋር ካወራች ስለ ፓርቲው ሊያመልጣቸው ይችላል ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌ ምሥጢር አይችልም።

"ስልኩ እኮ ተፈታቷል" አለ አባቴ።

"በንጉሤ ስልክ እደውላለሁ።"

"የንጉሤም ተበላሽቷል" አለ ጋሼ ንጉሤ ከበሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እትዬ የሺ መነጽሯን አወለቀች። "ጥሩዬ፣ እዚያ አሁን መሽቷል። አባባ ተኝተዋል።"

እናቴ አየቻት። "ተኝተዋል?"

"ተኝተዋል።"

"እንግዲያው አንቀስቅሳቸው" አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀጭን ሆነብኝ። ቦርሳዋን ዘጋችና ሳህን ልታጥብ ዞረች። ያጠበችውን ሳህን መልሳ አጠበችው። እትዬ የሺ ተነስታ አጠገቧ ቆመች፣ ማድረቂያ ጨርቁን አነሳች፣ ሁለቱም አንዱን ሳህን ሲቀባበሉ ቆዩ። ፈተናው አስፈርቷታል ብዬ አዘንኩላት።

ከሰዓት በኋላ እትዬ የሺ እናቴንና እኔን ከፎቁ ደረጃ ላይ አስቀመጠችን። ቀኑ ብርድ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ደረጃው ላይ ወርዳለች። ክረምት ላይ እንዲህ ፀሐይ ስትሞቅሽ አፕሪሲቲ ይባላል አለችን። አንድ ሰው ከአራት መቶ ዓመት በፊት መጽሐፉ ውስጥ አስገባው፣ ከዚያ የተጠቀመበት የለም። ይህን ጊዜ ምንም አልጨመረችም፤ ቃሉ እንዳለ ይበቃታል መሰለኝ።

"ይሄን የመሰለ ቃል እንዴት ይጥላሉ?" አለች እናቴ።

"ሥራ ላይ ሆነው ነዋ። ፀሐይ የሚሞቅ ሲጠፋ ቃሉም ጠፋ።"

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ራሷን እትዬ የሺ ትከሻ ላይ ጣለች። የፈተና መጽሐፉ ጭኗ ላይ እንደተዘጋ ቀረ።

ሐሙስ ሰው ወጣ ገባ በዛ። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ "ጥሩዬ የለችም?" ብለው አባቴን በሹክሹክታ የሚያቅፉ፣ እናቴ ብቅ ስትል ደግሞ "ለፈተናሽ በርቺ ልንልሽ ነው" የሚሉ። አንዷ ሴትዮ በርቺ ብላ ስታበቃ እንባዋ ዱብ አለ። እትዬ የሺ ፈጠን ብላ "ፈተና ስትሰማ ሆዷ ይባባል፤ መንጃ ፈቃድ ስንት ጊዜ ወድቃለች" አለችና ወደ ውጭ መራቻት።

እትዬ የሺ ስትመለስ እናቴ እየጠበቀቻት ነበር። "ዛሬስ ምን አመጣሽልኝ?"

"ጎሲፕ ምንድን ነው?"

"ሐሜት ነዋ።"

"ዛሬ ነው ሐሜት። ድሮ ጎድሲብ ነበር። ጎድ እግዚአብሔር ነው፣ ሲብ ዘመድ። ልጅሽን ክርስትና ያነሳልሽ ሰው ማለት ነው። አበልጅ!" ደረቷን መታች። "እኔ የአንቺ ጎሲፕ ነኝ። ከራሴ አይደለም፣ ይኸው ተጽፏል።"

"ታዲያ እንዴት ብሎ ሐሜት ሆነ?"

"አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት አበልጆቿ መጥተው አልጋዋን ይከቡታል። ምጥ ደግሞ ይረዝማል። ምን ያድርጉ? ያወራሉ። ስለ ዶሮ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰው ባል። እሷ ህመሟን እንድትረሳ፣ ብቻዋን እንዳትሆን ያወራሉ። ባሎች ደጅ ቆመው ይሰሙና 'እነዚህ ሴቶች ሥራቸው ሐሜት' ይላሉ። በዚያው ቀረ።"

ይሄኛውን ሳጣራ ልክ ነበረች። የጨመረችው ደጅ የቆሙትን ባሎች ብቻ ነው።

"ብቻዋን እንዳትሆን ነው የሚያወሩት?" አለች እናቴ።

"ለሱ ነው።"

እናቴ እጇን ያዘቻት። "አንቺ ሐሜተኛ" አለቻትና ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰብሮ አፍንጫዋን ጠረገች።

እኔ እዚያ መሀል ፓርቲዬ ሊበላሽ ነው ብዬ ሰጋሁና ወሬ ለማስቀየር ሌላ ቃል ጠየቅሁ። እትዬ የሺ ገልጣ ኦቨርሞሮው አለችኝ። ከነገ ወዲያ ማለት ነው። እኛ ከነገ ወዲያ እንላለን፣ እነሱም ነበራቸው፣ ጥለውት አሁን ያን ሁሉ ቃል ደርድረው ዘ ዴይ አፍተር ቱሞሮው ይላሉ።

"ሶ ኦቨርሞሮው ኢዝ ሳተርዴይ!" አልኩ።

አባቴ የያዘው ብርጭቆ ወለሉ ላይ ወደቀ።

"ቅዳሜ ነው" አለች እናቴ በዝግታ፣ መጥረጊያውን እያነሳች። "ልክ ነሽ። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው።"

ዓርብ ማለዳ አባቴ እናቴን ሬድውድ ሲቲ ፈተና ወሰዳት። እኔን እትዬ የሺ ከትምህርት ቤት አስቀርታ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ጋሪውን ስትሞላው ጥርጣሬዬ ሁሉ ተነነ። የወረቀት ሳህን፣ የወረቀት ብርጭቆ፣ ናፕኪን፣ የታሸገ ውሃ በካርቶን በካርቶን። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መውጫው አጠገብ ቢጫ ፊኛ ተንሳፍፏል፤ ክብ፣ ትልቅ፣ ፊት የተሳለበትና ጥርሱን አውጥቶ የሚስቅ።

"እትዬ የሺ፣ ፕሊስ።"

ብርጭቆ ይበቃ አይበቃ እንደሆነ እያሰላሰለች ነበር። "ውሰጂ፣ ውሰጂ የኔ ማር" አለችኝ ሳታየኝ። ልጅ ነኝና ለራሴ የፈለግሁት መስሏት ነው።

ቤት ገብቼ ፊኛውን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ደበቅሁት። እናቴ ስትመለስ "እንዴት ነበር?" ስንላት "ተፈተንኩ" ብቻ አለችን። ከዚያ ቤቱን ልትጠርግ ተነሳች። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋችው፣ ሳሎኑ መሀል ባዶ ሆነ። መታጠቢያ ቤቱን አጸዳች። መጨረሻ ላይ ጥቁር ቀሚሷን አውጥታ ተኮሰች።

ሮጬ አባቴ ጋ ሄድኩ። "ዳዲ፣ ሺ ኖውስ!"

"አታውቅም" አለኝ፤ እሱ ግን ከእኔ ይልቅ ራሱን የሚያሳምን ይመስል ነበር። "ከፈተና በኋላ ሰው ቤቱን ያጸዳል።"

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ልብሴን ለብሼ ነው ያደርኩት። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ የፊኛውን ክር ያዝኩና ከበሩ ኋላ ቆምኩ። አባቴ ሲከፍት የደረጃው ብርድ ገባ፤ ከብርዱ ጋር ሰዎቹ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አባባ ፍቅረማርያም ከፊት፣ አጎቴ ጥሩነህ፣ እትዬ የሺ፣ ጋሼ ንጉሤ በክራባት፣ ብዙ ሴቶች በነጠላ። ነጠላቸውን እንደ እሑድ አልለበሱትም፤ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሯል። ለፓርቲ የሚለበስበት መንገድ ይሆናል አልኩ።

እናቴ ከመኝታ ቤት ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አባባ ፍቅረማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሰርፕራይዝ!" ብዬ ዘለልኩ።

ፊኛው ከእኔ በላይ ከፍ ብሎ፣ ጥርሱን አውጥቶ፣ እናቴና አባባ ፍቅረማርያም መሀል ተንሳፈፈ።

ማንም አልተነቃነቀም። እናቴ ፊኛውን አየች፣ ከዚያ እኔን። አፏ ተከፈተ። አጎቴ ጥሩነህ "እህቴ" አለና ድምፁ ተቆረጠ፣ አባባ ፍቅረማርያም "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፣ አባትሽ አርፈዋል" አሉ። እናቴ "አባዬ!" ብላ የጮኸችው ጩኸት፣ ለቀናት የተያዘ ውሃ ግድቡን ሲጥስ ይመስላል ብል ያንሰዋል። ሴቶቹ ሁሉ ከእሷ ጋር ጮኹ። ወንድሟ ይዟት ሶፋው በተገፋበት፣ ባዶ በሆነው ወለል ላይ ተቀመጡ።

እኔ በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። እትዬ የሺ መጣች። ክሩን ከእጄ ወሰደችና በራሷ እጅ አንጓ ላይ አሰረችው። ከዚያ ተሸክማኝ ደረጃው ላይ ወጣች። ፀሐይዋ ገና እየወጣች ነበር።

"ኢትስ ኖት ኤ ፓርቲ" አልኳት።

"አይደለም የኔ ማር። አባባ ማንደፍሮ ሞተው ነው።" ጉንጬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። "ግን ይሄ ሁሉ ሰው ለእናትሽ ነው የመጣው። እሱን አልተሳሳትሽም።"

ቀኑን ሙሉ ፊኛው እጇ ላይ ነበር። ሊያጽናና የሚገባ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ ቀና ሲል የሚስቅ ፊት ጣሪያው ሥር ያያል፣ መልሶ አንገቱን ይደፋል። ጋሼ ንጉሤ ተጠግቶ "የሺ፣ ኧረ በፈጠረሽ ይሄን ነገር አውርጂው" አላት።

"ልጅቷ ለእናቷ ያመጣችው ነው። አይወርድም።"

በሦስተኛው ቀን ፊኛው ትንፋሹ አልቆ በወንበሮቹ መሀል ዝቅ ብሎ ሲሄድ፣ አባባ ፍቅረማርያም እግር ሥር ደርሶ ቆመ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉት። መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ አጎቴ ጥሩነህ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ተንፈራፈሩ።

"የሺ፣ ለዚህስ ቃል አላቸው?" አለች እናቴ እንባዋን እየጠረገች።

"ፈልጌ አጣሁ" አለች እትዬ የሺ። "ይሄ ገና አልደረሰባቸውም።"

እናቴ ፈተናውን አለፈች። እስከ ጡረታዋ ነርስ ሆና ሠራች። እኔ አድጌ ሳን ሆዜ ገባሁ፣ ከእትዬ የሺ ቤት ብዙም የማልርቅበት ሰፈር። እሑድ እሑድ ቃል እየተለዋወጥን ኖርን። ያለፈው ወር ረቡዕ ሆስፒታል ውስጥ እጇ በእጄ እንዳለ አረፈች። መጽሐፉ ራስጌዋ ነበር።

መጀመሪያ የደወልኩት ለአባቴ ነው።

"ለእናትሽ?" አለኝ።

"ዓርብ ማለዳ ሰው ይዘን እንነግራታለን። እስከዚያ ስልኳን ያዝልኝ።"

ሐሙስ ቢሮዬ ሬድውድ ሲቲ ልሄድ ሲገባኝ ኦክላንድ መጣሁ። አባቴ ሶፋው ላይ የእናቴን ሞባይል ይዞ አጎንብሷል። "ዋይፋዩን እያስተካከልኩ ነው" አለ፣ ገና ሳልጠይቀው። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

"ዛሬ ሥራ የለም?" አለችኝ።

"ዕረፍት ወጣሁ።" አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን እንደምል መንገድ ላይ ሁሉ ሳስብ መጥቼ ነበር፤ አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። "ማሚ፣ ከነገ ወዲያን በአሮጌ እንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት ታስታውሻለሽ?"

እናቴ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"የሺ ናት?"

እጇን ያዝኩ። እንባዋ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። አባቴ ሞባይሉን አስቀመጠ።

"መቼ ነው የሚነግሩኝ?" አለች።

"ነገ ማለዳ።"

"እሺ። አንቺ ምንም አልነገርሽኝም።" በእጇ ጀርባ ጉንጯን ጠረገች። "ሰው ተጠርቷል፣ ምግብ ተሠርቷል። ይምጡና ይንገሩኝ።"

ያኔ አንድ ነገር ድንገት ገባኝ። ሁለቴ የታጠበው ሳህን፣ ወደ ግድግዳ የተገፋው ሶፋ፣ የተተኮሰው ጥቁር ቀሚስ። ዓመታት ሙሉ ፊት ለፊቴ ነበሩ።

"ማሚ። የአባባ ማንደፍሮን ጊዜ... በስንተኛው ቃል ነው ያወቅሽው?"

"በመጀመሪያው።"

አባቴ ቀና አለ። "በግሮክ?"

"የሺ በማክሰኞ ቀን ሥራ ቀርታ፣ ከሳን ሆዜ ድረስ፣ ግሮክ ልትነግረኝ ትመጣለች? አንተስ መቼ ነው ስልክ ጠግነህ የምታውቀው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ምን ልበል? የሺ መጽሐፍ ተሸክማ፣ አባትሽ ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ፣ ንጉሤ እንኳ በዋሸበት! ይሄ ሁሉ ሰው ብቻዬን እንዳልሆን ሲደክም፣ ገብቼ ብቻዬን ላልቅስ?" ወደ መስኮቱ ዞረች። "ለቅዳሜ አቆየሁት። ፈተናውንም እያወቅሁ ነው የተፈተንኩት፤ አባዬ እንደመረቁኝ ቆጥሬ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያላወቅሁት።"

"ምን?"

"ፊኛውን" አለች፤ እንባዋ መሀል ፈገግ ብላ። "ከዚያ ሁሉ ሰርፕራይዝ የሆነብኝ የአንቺ ፊኛ ብቻ ነው።"

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ከእናቴ አጠገብ ተኝቼ ነበር። እሷ ከእኔ በፊት ነቅታ ፀጉሯን አስራለች፤ ጥቁር ቀሚሷን ብርድ ልብሱ ሥር ለብሳዋለች። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ በሩ ተንኳኳ። አየኋት። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ሂጂ ክፈቺላቸው" አለች። "እኔ ተኝቻለሁ።"